የጂን ኤክስፕረሽን ልኬትን በምን እንመን? ስለ ሪፈረንስ ስታንዳርድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ ላብራቶሪ የሚውሉ ተማሪዎችና ቴክኒሻኖች እነዚህን ጥያቄዎች ደጋግመው ያነሳሉ። አንዳንዱ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ላይ ይሠራል፤ አንዳንዱ ቡና ላይ። ሆስፒታል ውስጥ የታካሚ ደም ይዞ የሚሠራም አለ። ሥራቸው ይለያያል፤ ጭንቀታቸው ግን አንድ ነው፦ ማሽኑ የሰጠኝ ቁጥር እውነት ነው ወይ? ከታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ጂን ኤክስፕረሽን ስንለካ የምንለካው ምኑን ነው?

ባብዛኛው አርኤንኤውን። ጂን ሥራ ላይ ሲሆን መልእክተኛ አርኤንኤ ይገለበጥለታል። ቅጂው ከበዛ ጂኑ በርትቷል፣ ካነሰ ዝግ ብሏል ብለን እንነሳለን።

አርኤንኤውን ግን ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አንቆጥረውም። መጀመሪያ ከቅጠሉ ወይም ከደሙ እናወጣዋለን። ከዚያ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ በሚባል ኢንዛይም ወደ ዲኤንኤ እንገለብጠዋለን፤ ይህ ቅጂ ሲዲኤንኤ ይባላል። ቀጥሎ በሪል ታይም ፒሲአር (ኪውፒሲአርም ይባላል፤ እያባዛ ይለካል) እናባዛዋለን፣ ወይም ለሲኩዌንሲንግ (ቅደም ተከተሉን ለማንበብ) እናዘጋጀዋለን። በመጨረሻ ሶፍትዌሩ ቁጥር ያወጣል። በየእርምጃው የሆነ ነገር ይጠፋል። ምን ያህል እንደጠፋ ግን ቁጥሩ ላይ ተጽፎ አይመጣም።

ሦስት ጊዜ ደግሜ ተመሳሳይ ውጤት አገኘሁ። አይበቃም?

አይበቃም። መደጋገም የሚመሰክረው እጃችሁ የረጋ መሆኑን ነው። ውጤቱ ትክክል ስለመሆኑ ምንም አይልም። መቶ ግራም የሚሰርቅ ሚዛን ላይ ያንኑ ዓሣ አሥር ጊዜ ብትመዝኑት አሥር ጊዜም አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያችኋል። የሚያጋልጠው ክብደቱ የታወቀ የብረት ኪሎ ሲጫንበት ብቻ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ እንዴት እንደሚሆን እንይ። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዙ ደክሟል እንበል፤ የአርኤንኤውን አንድ አምስተኛ ብቻ ገለበጠ። ሦስቱም ቲዩቦች ከአንድ ማስተር ሚክስ (አስቀድሞ ከተዘጋጀ የኢንዛይም ድብልቅ) ስለተቀዱ ሦስቱም እኩል ይደክማሉ። ሲቲ ማለት የፒሲአሩ ምልክት የታየበት የማባዣ ዙር (ሳይክል) ቁጥር ነው፤ አርኤንኤው ከበዛ ሲቲው ያንሳል። ሲቲዎቹ 24.1፣ 24.2፣ 24.1 ሆነው ይመጣሉ። ሲያዩአቸው ያምራሉ። ትክክለኛው ሲቲ ግን ከዚያ ከሁለት ሳይክል በላይ ቀድሞ መምጣት ነበረበት። ይህን ከውጤቱ ውስጥ ማንም ሊያየው አይችልም።

ታዲያ ሪፈረንስ ስታንዳርድ ምንድን ነው?

መልሱ ከልኬቱ በፊት የታወቀ ናሙና ነው። የታወቀው ነገር መጠኑ ሊሆን ይችላል፤ በሁለት ነገሮች መካከል ያለው ጥምርታም ሊሆን ይችላል።

ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ስፓይክ-ኢን ይባላል። የታወቀ መጠን ያለው የባዕድ አርኤንኤ ነው፤ በጠብታ ልክ እናንተው ናሙና ውስጥ ይገባና እስከ መጨረሻው አብሮ ይጓዛል። ሁለተኛው ራሱን የቻለ ሪፈረንስ ናሙና ነው። ለብቻው ቲዩብ ውስጥ ሆኖ ከናሙናዎቻችሁ ጎን ይሠራል። ስፓይክ-ኢን በዚች ቲዩብ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ይናገራል። ሪፈረንስ ናሙና ደግሞ ላብራቶሪያችሁ ዛሬ እንዴት እንደዋለ ይናገራል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ኢአርሲሲ ሲባል እሰማለሁ። ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራበታል?

ነገሩ የመጣው ከማይክሮአሬይ ዘመን ነው፤ ማይክሮአሬይ የብዙ ጂኖችን ኤክስፕረሽን በአንዴ የሚለካ ቺፕ ነው። የአንዱ ኩባንያ ቺፕ ጨመረ ያለውን ጂን የሌላው ቺፕ አልጨመረም ይል ነበር። ዳኛ አልነበረም። ስለዚህ በ2003 ኩባንያዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት ተቋማት በአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኒስት፣ አስተባባሪነት ተሰባሰቡ። የውጭ አርኤንኤ ኮንትሮሎች ኅብረትን መሠረቱ፤ በአጭሩ ኢአርሲሲ። ኒስት በኋላ ኤስአርኤም 2374 የተባለውን ማጣቀሻ አወጣ። ውስጡ 96 የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች አሉ። አርኤንኤው የሚመረተው ከእነሱ ነው።

በገበያ የሚገኘው ድብልቅ ከእነዚህ 92ቱን ይይዛል። ርዝመታቸው ከ250 እስከ 2,000 ቤዝ ገደማ ነው። በብዛት ካለውና በጣም ጥቂት ካለው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይደርሳል። ቅደም ተከተላቸው ከእንስሳትና ከሰው ጂኖች ጋር እንዳይምታታ ተደርጎ ተመርጧል።

እኔን የሚያስደስተኝ የሁለቱ ድብልቆች አሠራር ነው። ሚክስ 1 እና ሚክስ 2 ይባላሉ። 92ቱ አርኤንኤዎች በአራት ቡድን፣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ሆነው ተከፍለዋል። አንዱ ቡድን በሚክስ 1 ውስጥ ከሚክስ 2 አራት እጥፍ ይበልጣል። አንዱ እኩል ነው። አንዱ 1 ለ 1.5፣ የመጨረሻው 1 ለ 2 ነው። ጤነኛውን ናሙና በሚክስ 1፣ የታመመውን በሚክስ 2 ብትሠሩ መልሱን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። በሎግ 2 ሲሰላ ቡድኖቹ በ2፣ በ0፣ በ-0.58 እና በ-1 ላይ መቀመጥ አለባቸው። እኩል የተባለው ቡድን ከዜሮ ከሸሸ ኖርማላይዜሽናችሁ (ናሙናዎቹ እንዲወዳደሩ ቁጥሮቹን ያስተካከላችሁበት መንገድ) ችግር አለበት። አራት እጥፉ ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ከመጣ ደግሞ ዘዴያችሁ ልዩነቶችን እየጨፈለቀ ነው፤ የራሳችሁን ጂኖች ልዩነትም እንደዚያው እየጨፈለቀ ነው ማለት ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። የታወቀውን መጠን በአግድም፣ የተነበበውን ቁጥር በቁም አድርጋችሁ በሎግ ስትሥሉት ነጥቦቹ በመስመር ይሰለፋሉ። ወደ ታችኛው ጫፍ ሲሄዱ መበተን የሚጀምሩበት ቦታ አለ። ከዚያ በታች ያለ ጂን ላይ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት ያስቸግራል። ብዙ ቴሲስ ላይ ትልቁ እጥፍ ለውጥ የሚታየው እዚሁ መደዳው በተበተነበት ቦታ ባሉ ጂኖች ላይ ነው።

ኢአርሲሲ እንከን የለውም ማለት ነው?

አለው። የፖሊ-ኤ ጅራታቸው (አርኤንኤው ጫፍ ላይ ያለው የኤ ፊደሎች ሰንሰለት) ከተፈጥሮው አርኤንኤ በጣም ያጠረ ነው። በፖሊ-ኤ የሚመርጥ ኪት ስትጠቀሙ ከሚገባው በታች ሊያዙ ይችላሉ። አንድ ጂን በተለያየ መንገድ ተቀጣጥሎ የሚሰጣቸውን ዓይነቶችም አይወክሉም። ለዚያ ሌክሶጀን የተባለው ኩባንያ ያወጣው ስርቭ አለ፤ በ7 ሰው ሠራሽ ጂኖች ስር 69 ዓይነት ትራንስክሪፕቶች ይዟል። የአውስትራሊያው ጋርቫን ተቋም ደግሞ ሲኩዊን የሚባሉትን ሠርቷል።

ሪፈረንስ ጂን ተጠቅሜ ኖርማላይዝ አድርጌአለሁ። ስታንዳርድ ለምን ያስፈልገኛል?

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መምታታታቸው ብዙ ሥራ አበላሽቷል። ጋፒዲኤች ወይም አክቲን የናሙናው የራሱ ጂን ነው። «ይህ ጂን አይለወጥም» ብለን ገምተን ሌላውን በሱ እንለካለን። ግምት ነው፤ የታወቀ መጠን አይደለም። አጠውልግ የያዘው እንሰት ውስጥ ስኳር የሚሰባብረው ጋፒዲኤች ሳይነካ ይቀራል ብሎ ማን ማለለት? አንድ ጂን ብቻ ይዞ መሄድ አደጋ ነው። ጂኖርም የተባለው ስሌት ከ2002 ጀምሮ አለ። ብዙ እጩ ጂኖችን አወዳድሮ የተረጋጉትን ይመርጣል፤ ቢያንስ ሦስት ጂን መጠቀምንም ያበረታታል።

ከዚህ የሚከብደው ሴሉ በአጠቃላይ አርኤንኤውን ሲያበዛ ነው። ሚክ የሚባለው ጂን ከመጠን በላይ ሲሠራ ሴሉ ያለውን አርኤንኤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያበዛዋል። እኛ ግን ከሁለቱም ናሙና እኩል 1 ማይክሮግራም አርኤንኤ ወስደን እንጀምራለን። በዚያች ቅጽበት ልዩነቱን ራሳችን ደመሰስነው። ሪፈረንስ ጂኑም አብሮ ስለጨመረ አይናገርም። በ2012 ተመራማሪዎች በሴል ቁጥር ልክ ስፓይክ-ኢን ጨምረው ሲለኩ ነው ጭማሪው አጠቃላይ መሆኑ በግልጽ የታየው።

ስፓይክ-ኢኑን መቼ ልጨምር? ምን ያህል?

መቼ የሚለው የሚወሰነው ምንን መፈተሽ እንደፈለጋችሁ ነው። አርኤንኤ ሲወጣ የሚባክነውን ማወቅ ካስፈለገ ገና ከማውጣቱ በፊት ይግባ። ግን ተጠንቀቁ። የሴል ሽፋን የሌለው እርቃኑን ያለ አርኤንኤ ነው። በቀጥታ ደም ወይም የተፈጨ ቅጠል ላይ ብታንጠባጥቡት ኢንዛይሞቹ ወዲያው ይበሉታል። መጀመሪያ የላይሲስ በፈሩ (ሴሉን የሚያፈርሰው ፈሳሽ) ይግባ፣ በደንብ ይቀላቀል፣ ከዚያ ስፓይክ-ኢኑ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ መፈተሽ ከሆነ ግባችሁ በተለካው አርኤንኤ ላይ ጨምሩት።

ለሲኩዌንሲንግ ከጠቅላላው ንባብ አንድና ሁለት በመቶ ያህል ቢወስድ ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ የከፈላችሁበትን ንባብ ይሻማችኋል። በደም ፕላዝማ ውስጥ ማይክሮ አርኤንኤ ለሚለኩ ደግሞ ከአንድ ትንሽ ትል የተወሰደው ሴል-ሚር-39 የተለመደ ነው፤ የሰው ደም ውስጥ የለምና።

ትልቁ ጠላት ፓይፔት ነው። ግማሽ ማይክሮሊትር ለመጨመር አትሞክሩ። አቅጥናችሁ ሁለት ወይም አምስት ማይክሮሊትር ጨምሩ። ፓይፔቱንም በተጣራ ውሃና በአናሊቲካል ሚዛን ፈትሹት፦ 100 ማይክሮሊትር ውሃ 0.1 ግራም ገደማ መመዘን አለበት።

ኤምኤኪውሲ የሚባለው ሥራ ምን አሳየ?

በ2005 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የኤክስፕረሽን ልኬቶችን አስተማማኝነት ለመፈተሽ የጀመረው ትልቅ ጥረት ነው፤ የመጀመሪያው ውጤት በ2006 ወጣ። ብዙ ላብራቶሪዎች አንድ ዓይነት ናሙና ተከፋፍለው በተለያየ ማሽን ለኩ። ናሙና ኤ ከአሥር የሰው ሴል መስመሮች የተቀላቀለ አርኤንኤ ነው። ናሙና ቢ ከሰው አንጎል ነው። ሲ ሦስት እጅ ኤና አንድ እጅ ቢ፣ ዲ ደግሞ የዚያ ግልባጭ ነው።

የማንም ጂን ትክክለኛ መጠን በኤ ወይም በቢ ውስጥ አይታወቅም። ሆኖም ሲና ዲ ውስጥ ምን ሊመጣ እንደሚገባ ከኤና ከቢ ይሰላል። መልሱን ሳታውቁ መልሱን የምትፈትሹበት መንገድ ነው፤ በዚህ መስክ ከታሰቡት ሐሳቦች ሁሉ ምርጡ ይመስለኛል።

በ2014 ይኸው ጥረት ወደ አርኤንኤ ሲኩዌንሲንግ ሲሻገር የተገኘው መልእክት ዛሬም ይሠራል። ንጽጽራዊ ልኬት፣ ማለትም ይህ ናሙና ከዚያ በስንት እጥፍ ይለያል የሚለው፣ በአግባቡ ከተጣራ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ይስማማል። ፍጹም መጠኑ ግን አይታመንም። በየጂኑ የሚለያይ መዛባት በሁሉም ዘዴ ላይ ታይቷል፤ ኪውፒሲአርም አልቀረለትም። ስለዚህ «ኪውፒሲአር ስላረጋገጠው አለቀ» የሚለው አባባል ቆም ተብሎ ይታሰብበት።

የሴል ድብልቅና አንጎል ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። በጣም የሚለያዩ ነገሮችን መለየት ቀላል ነው። በቻይና የፉዳን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ኳርቴት የተባለው ፕሮጀክት ይህን ክፍተት ለመሙላት መጣ። ናሙናዎቹ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፦ ከአባት፣ ከእናትና ከሁለት ተመሳሳይ መንታ ሴት ልጆች። ልዩነታቸው ጥቂት ነው። በሽተኛን ከጤነኛ ለመለየት የምንፈልገው ልዩነትም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ጥቂት ነው።

እኛ ጋ በጀት የለም። የዶላር ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ምን እናድርግ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው፤ መልሱም ተስፋ ያለው ነው። የኤምኤኪውሲን ሐሳብ በራሳችሁ ናሙና መሥራት ትችላላችሁ። ወጪው የምትጨምሩት ጥቂት ዌል (ናሙና የሚገባበት የፕሌቱ ጉድጓድ) ብቻ ነው።

ከእንሰት ቅጠልና ከአሚቾው (ከመሬት ሥር ካለው ክፍሉ) አርኤንኤ አውጡ። ሁለቱን እኩል መጠን ላይ አድርሷቸው፤ 100 ናኖግራም በማይክሮሊትር ይሁን። ከዚያ 30 ማይክሮሊትር ቅጠልና 10 ማይክሮሊትር አሚቾ ቀላቅሉ። በሌላ ቲዩብ 10 ቅጠልና 30 አሚቾ። አሁን አራት ናሙና አላችሁ። አራቱንም ከሪቨርስ ትራንስክሪፕሽን ጀምሮ እኩል ሥሯቸው።

የሆነ ጂን በቅጠል 80፣ በአሚቾ 16 መጠን አለው እንበል። የመጀመሪያው ድብልቅ ከ80 ሦስት አራተኛ ሲደመር ከ16 አንድ አራተኛ፣ ማለትም 64 መሆን አለበት። ሁለተኛው 32። በሲቲ ስናየው ቅጠሉ 22.0 ላይ ከመጣ የመጀመሪያው ድብልቅ 22.3፣ ሁለተኛው 23.3፣ አሚቾው 24.3 ላይ መምጣት አለበት። ሁለተኛው ድብልቅ 22.6 ላይ ቢመጣስ? ወይ ከአንዱ ናሙና የመጣ ማፈኛ ነገር አለ፣ ወይ የአርኤንኤ መጠኑን ስትለኩ ተሳስታችኋል፣ ወይ ፓይፔቱ። የትኛው እንደሆነ ወዲያው ባይታወቅም ሳምፕል ሁሉ ከማለቁ በፊት ማወቃችሁ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ዘዴ የማያጋልጠው ስህተትም አለ። ፕራይመሩ (የሚባዛውን ጂን የሚመርጠው አጭር ዲኤንኤ) ሌላ ጂን ደርቦ የሚያባዛ ከሆነ ያ ስህተትም በዚያው ጥምርታ ስለሚደባለቅ ሂሳቡ ልክ ይመጣል። ለሱ ሜልት ከርቭ (የተባዛው ዲኤንኤ ሲሞቅ እንዴት እንደሚላቀቅ የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ፤ ከተቻለም የተባዛውን ቁራጭ ሲኩዌንስ አስደርጉት።

ሁለተኛው ርካሽ ነገር የራሳችሁ ቋሚ ናሙና ነው። ከብዙ ተክል የወጣ አርኤንኤ አንድ ላይ ቀላቅሉ። ለአንድ ጊዜ የሚበቃ እያደረጋችሁ በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍሉት። በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ አንዱን ሥሩ። ሲቲውን ሌቪ-ጄኒንግስ ቻርት (የየዙሩ ውጤት ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ግራፍ) ላይ ነጥብ አድርጉ። የሆስፒታል ላብራቶሪ ሰዎች ይህን ለስኳርና ለኬሚስትሪ በየቀኑ ይሠሩታል፤ ለኤክስፕረሽን የማይሠራበት ምክንያት የለም። ነጥቡ ከአማካዩ ከሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ ከወጣ የዚያን ፕሌት ውጤት አትጠቀሙበት።

መብራት መጥፋቱን ለሚፈሩ፦ አርኤንኤ በኤታኖል ውስጥ ዝቃጭ ሆኖ ሲቀመጥ ውሃ ውስጥ ከሟሟው ይልቅ ይጠነክራል። ከቲዩቦቹ ጥቂቱን እንደዚያ አድርጋችሁ በሌላ ፍሪዘር አስቀምጡ። ሁሉም አንድ ፍሪዘር ውስጥ አይሁን።

ስታንዳርድ ከርቭ ሠርቻለሁ። ይህስ ስታንዳርድ አይደለም?

ነው፤ ግን ከምን እንደተሠራ ይወስነዋል። አሥር አሥር እጥፍ እያቀጠናችሁ አምስት ነጥብ ትሠራላችሁ። ሲቲውን ከመጠኑ ሎግ ጋር ስትሥሉት የመስመሩ ዝንባሌ -3.32 ከሆነ ቅልጥፍናው መቶ በመቶ ነው፤ ዲኤንኤው በየዙሩ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ከ90 እስከ 110 በመቶ፣ ማለትም ከ-3.6 እስከ -3.1 ገደማ ያለው ተቀባይነት አለው። በ2001 የወጣውና ሁሉም የሚጠቀምበት የዴልታ ዴልታ ሲቲ ስሌት ቅልጥፍናውን ወደ መቶ የተጠጋ አድርጎ ነው የሚያስበው። 85 በመቶ ላይ ሆናችሁ ያንን ቀመር መጠቀም ልክ አይደለም።

ከርቩን ከፕላስሚድ (ጂኑን ከያዘ ክብ ዲኤንኤ) ከሠራችሁት የምትፈትሹት ፒሲአሩን ብቻ ነው። ብዙ ልዩነት የሚፈጥረው ሪቨርስ ትራንስክሪፕሽን አልተነካም። ከአርኤንኤ ቢሠራ ይመረጣል። ቁራጩን በቲ7 ፖሊመሬዝ ገልብጣችሁ፣ ዲኤንኤውን በዲኤንኤዝ አጥፍታችሁ፣ በትክክል ለክታችሁ ማለት ነው። 1,000 ቤዝ ርዝመት ያለው አርኤንኤ አንድ ናኖግራሙ ወደ 1.8 ቢሊዮን ቅጂ ገደማ ነው። ከዚህ ተነስታችሁ ታሰላላችሁ። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ያልገባበት ኮንትሮልም አይረሳ።

የእንሰትና የቡና ናሙና ለምን እንዲህ ያስቸግራል?

ፖሊፊኖሉና ፖሊሳካራይዱ ነው። ከአርኤንኤው ጋር ተጣብቀው ይወጡና ኢንዛይሙን ያፍናሉ። ናኖድሮፕ (የአርኤንኤውን መጠንና ንጽሕና በብርሃን የሚለካ ማሽን) ላይ 260/280 ወደ 2 ሆኖ እያማረ 260/230 ዝቅ ካለ ጠርጥሩ። ብዙዎች በሲታብ (እነዚህን ነገሮች ለመለየት በሚረዳ ኬሚካል) የሚያወጡት ለዚህ ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሲዲኤንኤውን አሥር እጥፍ አቅጥኑት። ሲቲው ወደ 3.3 መጨመር አለበት። የጨመረው 2 ብቻ ከሆነ ያልቀጠነው ታፍኗል። ስፓይክ-ኢን ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ እኩል የጨመራችሁት ባዕድ አርኤንኤ በቅጠል 20፣ በአሚቾ 23 ላይ ከመጣ አሚቾው ውስጥ የሚያፍን ነገር አለ።

ስለ ሪን አንድ ነገር። ከ1 እስከ 10 የሚሰጠው የአርኤንኤ ጤንነት ቁጥር ነው። ለአረንጓዴ ቅጠል ግን እንዳለ አትቀበሉት። ክሎሮፕላስቱ የራሱ ሪቦሶም አርኤንኤ ስላለው ግራፉ ላይ ተጨማሪ ጫፎች ይታያሉ፤ ሶፍትዌሩ እነሱን እንደ መበስበስ ቆጥሮ ቁጥሩን ሊያወርደው ይችላል። ግራፉን በዓይናችሁ እዩት።

ናሙናዬን ለሲኩዌንሲንግ ወደ ውጭ ልላክ ነው። ከዚህ ምን ማድረግ አለብኝ?

ስፓይክ-ኢኑን እዚሁ ሀዋሳ ጨምሩ፤ እነሱ እንዲጨምሩላችሁ አትተዉት። መንገድ ላይ ያለው ጉዳት የሚታየው እንዲያ ነው። ከአንዱ ናሙና ሁለት ቲዩብ አዘጋጁና የተለያየ ቁጥር ስጧቸው፤ ውጤታቸው ካልተስማማ ትጠይቃላችሁ። የቅጠልና የአሚቾ ድብልቁንም አብራችሁ ላኩ። የታመሙትን ሁሉ በአንድ ዙር፣ ጤነኞቹን በሌላ ዙር መላክ ግን በፍጹም አይሁን። ልዩነቱ ከበሽታው ይሁን ከዙሩ መለየት አይቻልም፤ የትኛውም ስታቲስቲክስ አያድናችሁም።

ይህ ሁሉ ለምርምር ነው ወይስ ለታካሚም ይጠቅማል?

ለታካሚ ነው በይበልጥ። ሲኤምኤል የሚባለውን የደም ካንሰር እንውሰድ። የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ ቢሲአር-ኤቢኤል1 የተባለ ቅይጥ ጂን ይፈጠራል። ታካሚው እንደ ኢማቲኒብ ያለ ኪኒን ሲወስድ የዚህ ጂን አርኤንኤ በደሙ ውስጥ ይቀንሳል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ይቀጥል ወይስ ይቀየር የሚለውን ሲወስን ይህን ቁጥር ያያል። ወሳኝ ከሆኑት መስመሮች አንዷ 0.1 በመቶ ነች።

ድሮ እያንዳንዱ ላብራቶሪ የራሱ ቁጥር ነበረው። አንዱ ጋ 0.08 የተባለው ሌላው ጋ 0.2 ሊሆን ይችል ነበር። ሰውየው አንድ፣ ደሙ አንድ፣ ውሳኔው ግን ሁለት። ለዚህ ኢንተርናሽናል ስኬል የተባለው ተዘጋጀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 የመጀመሪያውን ማጣቀሻ ፓነል አጸደቀ። ኬ562 የተባሉ ጂኑ ያለባቸው ሴሎች ኤችኤል60 ከተባሉ ጂኑ ከሌለባቸው ጋር ተቀላቅለው፣ በቅዝቃዜ ደርቀው፣ በአራት ደረጃ ቀረቡ፦ ወደ 10፣ 1፣ 0.1 እና 0.01 በመቶ። ኪት አምራቾችና ማጣቀሻ ላብራቶሪዎች የራሳቸውን ስታንዳርድ ከዚያ ጋር ያስተካክላሉ።

ጂንኤክስፐርትን አብዛኞቻችን የምናውቀው በቲቢ ምርመራ ነው። እዚያ የሚፈለገው የባክቴሪያው ዲኤንኤ ስለሆነ የኤክስፕረሽን ልኬት አይባልም። በዚያው ማሽን የሚሠራ የቢሲአር-ኤቢኤል ካርትሪጅ ግን አለ፤ ውጤቱንም በኢንተርናሽናል ስኬል ይሰጣል። ከሀዋሳ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ክትትል የሚያደርግ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ወረቀቱ ላይ ይህን ፈልጉ። ላብራቶሪ ከተቀየረም ጠይቁ፦ ውጤቱ በኢንተርናሽናል ስኬል ነው ወይ? መጠየቅ መብታችሁ ነው። ያለዚያ የቁጥሩ መውጣትና መውረድ ከበሽታው ይሁን ከላብራቶሪው አይታወቅም።

ዲጂታል ፒሲአር ካለ ስታንዳርድ አያስፈልግም ይላሉ። እውነት ነው?

ግማሹ። ናሙናውን በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍልፋዮች ላይ በትኖ ስለሚቆጥር ስታንዳርድ ከርቭ አይፈልግም። የሚቆጥረው ግን ሲዲኤንኤ ነው። ከአርኤንኤው ምን ያህሉ ወደ ሲዲኤንኤ እንደተገለበጠ አያውቅም። ስፓይክ-ኢን እዚህም ይፈለጋል።

ስታንዳርዱ ከተጠበቀው ውጪ ከመጣ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ስታንዳርዱን አትጣሉት። «እሱ ነው የተበላሸው» ማለት ይቀናናል። አዲስ ቲዩብ ቀልጦ ይሞከር። አሁንም ከወጣ ከመጨረሻው እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ያንኑ ሲዲኤንኤ በአዲስ ማስተር ሚክስ ድገሙ። ልክ ከመጣ ችግሩ ፒሲአሩ ጋ ነበር። ካልመጣ ከአርኤንኤው አዲስ ሲዲኤንኤ ሥሩ። ያም ካልሠራ አርኤንኤውን እንደገና ለኩ፤ ጄል ላይ እዩት። ሁሉንም በአንዴ የቀየረ ሰው ምን እንደነበረ መቼም አያውቅም። ስታንዳርዱ ልክ እስኪመጣ ድረስ እየደጋገማችሁ ያማረውን ብቻ መምረጥ ደግሞ ክልክል ነው። የወደቀውም ዙር በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ይጻፍ።

ቴሲስ ላይ ምን ምን ልጻፍ?

በ2009 የወጣውና በ2025 የታደሰው ማይክ የሚባለው የኪውፒሲአር መመሪያ ዝርዝሩን ይሰጣችኋል። እኛ ጋ በብዛት የሚቀረው ግን ይህ ነው፦ የየፕራይመሩ ቅልጥፍና፣ የሪፈረንስ ጂኖቹ መረጋጋት በምን እንደተፈተሸ፣ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የሌለበት ኮንትሮል ሲቲ፣ ስፓይክ-ኢን ከገባ ስሙ፣ መጠኑና የገባበት እርምጃ፣ የቋሚው ናሙና ሲቲ በየፕሌቱ። «እንደ ኪቱ መመሪያ ተሠርቷል» ብቻ ብሎ ማለፍ አንባቢውን ባዶ እጁን ይመልሰዋል። የድብልቅ ሙከራ ከሠራችሁ የተጠበቀውንና የተገኘውን ቁጥር ጎን ለጎን በሠንጠረዥ አስቀምጡ፤ ያልገጠመውንም ጭምር። ፈታኙ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሁን።